ለሴት ሠራተኞች ደኅንነት ሲባል

አርፎ መቀመጥ የሚባል ነገር ከልጅነቷ ጀምሮ አልፈጠረባትም። እናቷ ፀጉሯን ልትሠራት ጉልበቷ መሃል ባስቀመጠቻት ቁጥር ሳታስጨርስ ታመልጣለች፤ ግማሽ ራሷ ተጎንጉኖ ግማሹ ተንጨባርሮ ሰፈር ለሰፈር ስትዞር ትውላለች። አስተማሪዎቿም «አንቺ ልጅ፣ ወንበርሽ ላይ እሾህ አለ እንዴ?» ማለት ሰለቻቸው። ሰዉ እናት አባቷ ያወጡላትን ስም ቀስ በቀስ ተወውና «ቅብጥብጧ» ብሎ ጠራት። አድጋ፣ አግብታ፣ ወልዳ፣ ቱታ ለብሳና የብየዳ ጭንብል ደፍታም ስሙ አልለቀቃትም።

የምትረጋበት አንድ ቦታ ብቻ ነበር። አባቷ መንገድ ዳር የብረት በርና መስኮት የሚሠራባት፣ ሰው ጎን ለጎን የማታስቆም ጠባብ ሱቅ ነበረችው። ኤሌክትሮዱን ብረቱ ላይ ሲያስጠጋና ያ ነጭ ብርሃን ቦግ ሲል ልጅቷ ባለችበት ደርቃ ትቀራለች። «ዙሪ! ዓይንሽን!» ይጮኽባታል። ትዞራለች፤ ግን ግድግዳው ላይ የሚዘልለውን ጥላ እያየች የአባቷ እጅ የት እንደደረሰ ትገምታለች። አባቷ መጀመሪያ ብረት አስያዛት። ሲቆይ መዶሻ ሰጥቷት የብየዳውን ቅርፊት እንድታራግፍ አደረገ። በመጨረሻ አንድ ደንበኛ በሩ ላይ ቆሞ ሲያጣድፈው የኤሌክትሮዱን መያዣ አቀበላትና «በይ እስቲ፣ እጅሽ እንደ እግርሽ ከሆነ እንየው» አላት። የመጀመሪያ ብየዳዋ ቁርጥ የዶሮ ኩስ ነበር። አባቷም ይህንኑ ሳይደብቅ ነገራት፤ ደንበኛውም ሳቀ። እሷ ግን የዚያን ቀን ልቧ ተሰረቀ።

የአባቷ ዓይን እየደከመ ሲሄድ ሱቁ በእሷ ትከሻ ላይ ወደቀ። ታናሽ ወንድሟን እጁን ይዛ ያስተማረችውም ያኔ ነው። ወንድሟ የእሷ ተቃራኒ ነበር፤ ለስላሳ፣ አንደበቱ የተቆጠበ፣ ከማንም ጋር ክፉ የማይነጋገር። «እትዬ» ይላታል፤ ብትቆጣው እንኳ መልሱ «እሺ እትዬ» ነው። መንገዱ ሊሰፋ ነው ተብሎ ሱቋ በፈረሰች ጊዜ ሁለቱም ተያይዘው ከከተማው ጫፍ ወዳለው ፋብሪካ ሄዱ። የውኃና የነዳጅ ማጠራቀሚያ ጋን የሚሠራ ፋብሪካ ነው። አብረው ተፈተኑ፤ አብረው ተቀጠሩ፤ ደረጃቸውም እኩል ነበር።

በዚያ ፋብሪካ ሥራው ሁለት ዓይነት ነው። ትንንሹ ጋን እዚያው ወርክሾፕ ውስጥ አልቆ በመኪና ይጫናል። ትልልቁ ግን፣ ፎቅ የሚያህለው፣ በቁርጥራጭ ይሄድና በሚተከልበት ቦታ ላይ ነው የሚበየደው። ይህ «መስክ» ይባላል። መስክ የወጣ ሰው ሥራው እስኪያልቅ እዚያው በቆርቆሮ መጠለያ ያድራል፤ አበል ያገኛል። ከሁሉም በላይ ደግሞ መስክ ያልወጣ በያጅ አንደኛ ደረጃ አይሆንም። አንደኛ ደረጃ ማለት የደመወዝ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሌላውን ሥራ አይቶ «ይለፍ» ወይም «ይፍረስ» የሚለው እሱ ነው።

ሴት ግን መስክ አትወጣም። የሠራተኛ ማኅበሩ ከድርጅቱ ጋር በተፈራረመው የኅብረት ስምምነት ላይ በግልጽ ተቀምጧል፤ ለሴት ሠራተኞች ደኅንነት ሲባል፣ ሴቶች አዳር ባለው የመስክ ሥራ ላይ አይመደቡም። ማኅበሩ የሚኮራበት አንቀጽ ነው። ጠቅላላ ጉባኤ በተጠራ ቁጥር ሊቀ መንበሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡታል፤ ሰዉም ያጨበጭባል። ቅብጥብጧም ስንት ጊዜ አጨብጭባለች። ያኔ ልጇ ገና ጨቅላ ነበረች፤ ባሏ ፀጉር አስተካካይ ስለሆነ የሚያመሸው እሱ ነው፤ ስለዚህ ሥራዋን ጨርሳ በጊዜ ቤቷ መግባቱ ተመችቷት ነበር።

ነገሩ የተገለበጠው ወንድሟ አንደኛ ደረጃ ሲሆን ነው። ከመስክ እንደተመለሰ ፊቱ በፀሐይ ጠቁሮ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ቤቷ መጣና «እትዬ፣ አለፍኩ» አላት። አቀፈችው፤ አገላብጣ ሳመችው፤ ከልቧ ደስ አላት። በማግሥቱ ወርክሾፕ ውስጥ የአንዱን ጋን ወገብ በይዳ ጨርሳ ጭንብሏን ስታነሳ፣ ሥራዋን ሊፈትሽ የመጣው ራሱ ወንድሟ ሆኖ አገኘችው። ጎንበስ ብሎ አየ። በጣቱ ዳሰሰ። አንገቱን እንደ ደፋ፣ ለብረቱ የሚናገር ይመስል «ይለፍ» አለና ሄደ። እሷ መዶሻዋን ይዛ ቆማ ቀረች። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ልቧ አልረጋ አለ።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ደግ ሰው ናቸው። ሰው ታሞ ሳይጠይቁ አይቀሩም፤ ተባርሮ በእሳቸው ሙግት ወደ ሥራው የተመለሰ ብዙ ነው። አንድ ዐመል ብቻ አለባቸው፤ የሚከብዳቸው ጥያቄ ሲመጣ «ይታሰብበታል» ይላሉ። ሠራተኛውም ከጀርባቸው «ጋሽ ይታሰብበታል» ይላቸዋል። ቅብጥብጧ ቢሯቸው ሄደች። ወንበር ቢያሳይዋትም አልተቀመጠችም።

«ጋሼ፣ እኔ አንደኛ ደረጃ የምሆነው መቼ ነው?»

«መስክ ወጥተሽ ስትመለሺ ነዋ።»

«መስክ የምወጣውስ መቼ ነው?»

«ሴት መስክ አትወጣም። ለእናንተ ብለን እኮ ነው የታገልነው፣ ልጄ።»

«እሺ፣ እንዲያ ከሆነ አንደኛ ደረጃ የምሆነው መቼ ነው?»

ሊቀ መንበሩ መነጽራቸውን አወለቁ፤ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፤ መልሰው አደረጉት።

«ይታሰብበታል» አሉ።

ወንድሟ የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ አባል ነበር። ስለዚህ ተስፋዋን እሱ ላይ ጥላ በስብሰባቸው እንዲያነሳላት ነገረችው። አንድ ሳምንት ጠበቀችው፤ ነገሩን አላነሳም። ሌላም ሳምንት ጠበቀች። በእረፍት ቀን ቤቱ ሄዳ ግቢው ውስጥ ልብስ ሲያሰጣ አገኘችው።

«ምን አሉ?» አለችው፣ ሰላምታውን እንኳ ሳታስጨርሰው።

«እትዬ፣ አሁን የደመወዝ ድርድር ላይ ነን። ይሄን ካነሳን ያኛውን ያስጥሉናል። ትንሽ ታገሺ።»

«እሱ ሲያልቅስ?»

«እሱ ሲያልቅ እናያለን።» እርጥብ ሸሚዝ ጨምቆ አራገፈ። «ደግሞ እኮ ቦታውን አታውቂውም። ጭቃ ነው፤ ብርድ ነው፤ ሰዉ ይጠጣል። እህቴ እዚያ እንድታድር አልፈልግም።»

«የማትፈልገው አንተ ነህ ወይስ ማኅበሩ?»

ሸሚዙን ገመዱ ላይ ማስጣት ያዘ። «ኤሌክትሮድ አያያዝ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ! ዛሬ ቆመህ ሥራዬን የምታሳልፍልኝ አንተ ሆንክ?» ብላው ወጣች። መንገድ ላይ ከአፏ ያወጣችውን ብትመልሰው በወደደች። ግን አልተመለሰችም፤ እግሯ ወደፊት ወሰዳት። ከዚያ ወዲህ ወንድምና እህት በወርክሾፑ ውስጥ ሲተላለፉ ከአንገት በላይ ሰላምታ ብቻ ሆነ።

ቤቷም አላረፈችም። የታጠበ ሳህን መልሳ ታጥባለች፤ አልጋ አንጥፋ ታፈርሳለች። ትንሿ ልጇ እንኳ «እማዬ፣ ምን ጠፍቶብሽ ነው?» እያለች ትከተላታለች። የባሏ ፀጉር ቤት ደግሞ የፋብሪካው ወንዶች ሁሉ የሚላጩበት ስለሆነ ወሬው ከእሷ ቀድሞ እሱ ጋ ይደርሳል። አንዱ አንገቱን ዘርግቶ፣ አገጩ በአረፋ ተሸፍኖ፣ «ሚስትህ መስክ ልትወጣ ነው አሉ። እራትህን ማን ሊያቀርብልህ ነው?» አለው። ባልየው ምላጩን ከጉሮሮው ላይ ሳያነሳ «አትንቀሳቀስ፣ ለራስህ ስል ነው» አለው። ሰውዬው እስኪጨርስ ትንፍሽ አላለም።

ይህን እየሳቀ ነገራት፤ እሷም ሳቀች። ከዚያ ግን ሳቁን ተወና «አልከለክልሽም። ግን ደስ ይለኛል ብዬ አልዋሽሽም» አላት። እሷም ዋሽቶ ቢያበረታታት ኖሮ ይህን ያህል አታምነውም ነበር።

በምሳ ሰዓት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረች ሰው ማነጋገር ጀመረች። አንዳንዱ «ልክ ነሽ» ይላትና ሻዩን ይዞ ይነሳል። አንዳንዱ ቀልዶ ያልፋታል። ነገሩን ፊት ለፊት የነገራት አንድ ጎምቱ በያጅ ነበር። ዳቦውን እየቆረሰ «እውነቱን ልንገርሽ? የደኅንነት ጉዳይ አይደለም» አላት። «መስክ በተራ ነው። አሁንም ተራው አይደርሰንም። እናንተ ስትጨመሩ ደግሞ የባሰ ይርቃል። ልጆች አሉኝ።» ተናደደችበት፤ ግን ከሁሉም ይልቅ እሱን አከበረችው።

በወርክሾፑ ከእሷ ሌላ አንዲት ሴት በያጅ ነበረች። ቃል ከአፏ ስለማይወጣ «ዝምታ» ይሏታል፤ በዕድሜ ታንሳታለች፤ በቅርቡ ወልዳ ወደ ሥራ የተመለሰች ናት። ቅብጥብጧ መታጠቢያው ጋ አግኝታ «ትደግፊኛለሽ አይደል?» አለቻት። ዝምታ እጇን እያደረቀች ትከሻዋን ነቀነቀች። ቅብጥብጧም ያን እንደ «አዎ» ቆጥራ ወደ ሌላው ሮጠች።

አንድ ቀን ባሏ ከፀጉር ቤቱ የሰማውን ይዞ ገባ። «ያንን አንቀጽ ያስገባው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? እማማ ክሬን ናቸው አሉ።»

ክው አለች። እማማ ክሬን በዚያ ፋብሪካ የጣሪያውን ክሬን የነዱ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ቅብጥብጧ ስትቀጠር እሳቸው ከላይ፣ ከጋቢናቸው ውስጥ ሆነው፣ ያን ሁሉ ብረት እንደ ላባ አንስተው ሲያስቀምጡ አንጋጣ እያየች ነው የሠለጠነችው። በፋብሪካው ውስጥ እንደ እሳቸው የምታከብረው ሰው አልነበረም። እንግዲህ መንገዷን የዘጉት እሳቸው ናቸው ማለት ነው? በማግሥቱ ሥራ ላይ ሁለት ጊዜ እጇን ተቃጠለች።

በእረፍት ቀኗ አድራሻቸውን አጠያይቃ ሄደች። አሮጌ ፎቅ ላይ፣ አንድ ክፍል ውስጥ፣ መስኮት ዳር ተቀምጠው አገኘቻቸው። ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። ከመስኮቱ ማዶ ሕንፃ እየተሠራ ስለነበር ቀኑን ሙሉ የግንባታውን ክሬን ሲመለከቱ ይውላሉ።

«ይሄ ልጅ ይቸኩላል» አሉ፣ በአገጫቸው ወደ ውጭ እያሳዩ። «ጭነቱ ሳይረጋ ያዞረዋል። አንቺ ደግሞ ተቀመጪ፤ ቆመሽ ክፍሉን አጠበብሽው።»

አልተቀመጠችም። «እማማ፣ ሴት መስክ እንዳትወጣ ያስደረጉት እርስዎ ነዎት?» አለች በአንድ ትንፋሽ።

አሮጊቷ ዞር ብለው አዩዋት። አልተቆጡም።

«ያኔ እንወጣ ነበር» አሉ። «እኔም ወጥቻለሁ። ከእኛ ጋር አንዲት ቀለም ቀቢ ነበረች፤ ሳቂታ ልጅ። የምናድርበት ቆርቆሮ ቤት በሩ በሽቦ ነበር የሚታሰረው። አንድ ቀን እኔ ክሬኑ ላይ እያለሁ፣ አሟት ተኝታ ሳለች፣ አንዱ ሽቦውን ፈትቶ ገባ። አካፋ አንስታ ጮኸች፤ ሰው ደረሰላት። ምንም አልሆነችም አሉ። በማግሥቱ ግን ‹ባለ አካፋዋ› እያሉ ይስቁባት ጀመር። እሷም ሥራውን ትታ ሄደች። ምንም አልሆነችም!»

ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ከውጭ የብረት ጩኸት ይሰማል።

«ሴቶቹ ተሰብስበን ማኅበሩ ጋ ሄድን። የጠየቅነው ቁልፍ ያለው ክፍልና ያን ሰውዬ እንዲያባርሩልን ነበር። ከድርጅቱ ጋር ሲነታረኩ ከረሙ። መጨረሻ ላይ ይዘውልን የመጡት ይሄን ነው፤ ሴት ከነጭራሹ አትውጣ። ክፍል መሥራት ወጪ አለው። መከልከል ግን የሚፈጀው ቀለም ብቻ ነው። አጨብጭቡ ተባለ፤ አጨበጨብን። ደክሞን ነበር፣ ልጄ።»

«ሰውዬውስ?»

«እሱማ ፎርማን ሆኖ ጡረታ ወጣ።»

ቅብጥብጧ መጥተው ይህንኑ ለጉባኤው እንዲናገሩ ለመነቻቸው። እማማ ክሬን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄ ጉልበት ደረጃ አያወርደኝም። ቢያወርደኝም አልመጣም። እኔ ከመጣሁ ለእኔ አዝነው ያጨበጭባሉ፤ አንቺን አይሰሙሽም። ነገሩ ያንቺ ነው፤ ራስሽ ተናገሪው።»

ጠቅላላ ጉባኤው በፋብሪካው ምግብ አዳራሽ ተጠራ። አግዳሚው ሞልቶ ሰው በግድግዳው ጥግ ጥግ ቆሟል። ቅብጥብጧ የምትለውን በልቧ ስታጠናው ነበር የሰነበተችው፤ ዕድሉ ተሰጥቷት ስትቆም ግን ሁሉም ብን ብሎ ጠፋ። ከመሃል ጀመረች፤ ወደ ኋላ ተመለሰች፤ ስለ አባቷ ሱቅ ልትናገር ስትል ለምን እንዳነሳችው ለራሷም ጠፋት። ከኋላ አንዱ «ባልሽ ምን ይላል?» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ አውካካ።

«ነገ ስትላጭ ራሱን ጠይቀው!» አለች። አሁን ሳቁ ወደ ጠያቂው ዞረ፤ እሷም ትንፋሽ አገኘች። ከዚያ በኋላ የተናገረችው አጭር ነበር። እማማ ክሬንና ጓደኞቻቸው የጠየቁትንና የተሰጣቸውን ነገረቻቸው። «ያኔ የተጠየቀው ክልከላ አልነበረም። በር ነው የተጠየቀው። እኔም የምጠይቀው ያንኑ ነው» አለችና ቆመች። ማንም አላጨበጨበም። ሰው እርስ በርሱ ማጉረምረም ያዘ። ያ ጎምቱ በያጅ ጫማውን ያያል። ዝምታ ከበሩ አጠገብ ልጇን አዝላ ቆማለች፤ ፊቷ ላይ የሚነበብ ነገር የለም።

ያኔ ወንድሟ እጁን አወጣ። ሰዉ ሁሉ ወደ እሱ ዞረ፤ የተኳረፉ መሆናቸውን የማያውቅ አልነበረም። እሷም ምን ሊል እንደሆነ ፈርታ ዓይኗን ሰበረች።

«እኔ ስለ እህቴ አልናገርም» አለ በዚያ ለስላሳ ድምፁ፤ ለመስማት አዳራሹ ፀጥ ማለት ነበረበት። «ስለ ራሴ ነው የምናገረው። ባለፈው መስክ ስወጣ ጫማዬ ተሰርቋል። የዚህ አጠገቤ ያለው ሰውዬ ስልክ ተሰርቋል። ዝናብ ሲመጣ ፍራሻችንን ተሸክመን ነው የምንቆመው። በሩ ለእኛም አይዘጋም። ወንድ ነን ብለን ዝም አልን እንጂ ክፍሉን እኔም እፈልገዋለሁ።»

«እውነት ነው!» አለ አንዱ። «የኔም ጃኬት!» አለ ሌላው። በአንድ ጊዜ አዳራሹ ተቀጣጠለ፤ እያንዳንዱ የጠፋበትን፣ የበሰበሰበትን፣ የታመመበትን ይዘረዝር ጀመር። ሊቀ መንበሩ ጠረጴዛውን ደበደቡ። «እሺ፣ እሺ! ጉዳዩ ይታሰብ—» ብለው ሳይጨርሱ ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። እሳቸውም መጀመሪያ ግራ ገባቸው፤ ከዚያ የገዛ ራሳቸው ሳቅ አመለጣቸውና «ድምፅ ይሰጥበት» አሉ። ቁልፍ ያለው መጠለያ ለሁሉም እንዲጠየቅ፣ ሴቶችም እንደ ወንዶቹ መስክ እንዲመደቡ ተወሰነ። የተቃወመው ቀላል አልነበረም፤ ግን የደገፈው በለጠ።

ስትወጣ ወንድሟን በር ላይ ጠበቀችው። «አመሰግናለሁ ልልህ...» ብላ ስትጀምር «ጫማዬ እውነትም ተሰርቋል እኮ፣ እትዬ» አላት። እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ጎን ለጎን ሄዱ።

ድርጅቱ ነገሩን ጎትቶ ጎትቶ አንድ ክረምት አሳለፈው። ቅብጥብጧ ማኅበሩ ቢሮ እየተመላለሰች ሊቀ መንበሩን ጤና ነሳቻቸው። በመጨረሻ መስኮትና መቀርቀሪያ የተሠራላቸው ኮንቴነሮች ተገኙ፤ እሷም ከአንዲት ቀለም ቀቢ ጋር መስክ ወጣች። ያን ያህል የተንገበገበችለት ቦታ ነፋሱ የማያርፍ፣ ዛፍ የሌለበት ሜዳ ሆኖ ጠበቃት። ጋኑ ውስጥ ገብቶ መበየድ ምድጃ ውስጥ እንደመግባት ነው፤ ላብ በጭንብሉ ውስጥ ይወርዳል። ልጇ በስልክ «መቼ ነው የምትመጪው?» ስትላት ቀኑን ትቆጥርላታለች። ስንት የታገለችለትን ነገር አልወደደችውም፤ አልወደድኩትም ማለት ደግሞ ለማን ይነገራል? ጥርሷን ነክሳ ጨረሰች። አንደኛ ደረጃም ሆነች።

ደስታዋን ግን ሁለት ነገር አጎመዘዘው። በሚቀጥለው ምርጫ ወንድሟ ከሥራ አስፈጻሚነት ወረደ፤ የመስክ ተራቸው የራቀባቸው ሰዎች ድምፅ ነፈጉት። «ግድ የለም፣ እንዲያውም አረፍኩ» ይላታል፤ ግድ እንዳለው ግን ታውቃለች፤ አሳድጋዋለችና።

ሁለተኛው የባሰ ነበር። አንድ ጠዋት ልብስ መቀየሪያው ክፍል ስትገባ ዝምታ በሩን ዘግታ ፊቷ ቆመች።

«መስክ ተመድበሻል አሉኝ» አለች። «ልጄ ጡት አልጣለም ብዬ ብነግረው ፎርማናችን ምን አለኝ መሰለሽ? ‹እኩል ነን አላላችሁም?› እያለ ሳቀብኝ።»

«ይሄማ አይሆንም! እኔ እኮ...»

«አንቺ እኮ ምን? አንቺ እኮ ምን!» ያቺ ድምፅ የሌላት ሴት ጮኸች፤ ግድግዳው አስተጋባ። «ማን ላከሽ? እኔን ጠየቅሽኝ? መታጠቢያው ጋ ይዘሽኝ፣ መልሴን ሳትሰሚ ሮጥሽ!»

ውሳኔው ሲጻፍ «እንደ ወንዶቹ ይመደባሉ» ተብሎ ነበር፤ «ፈቃደኛ የሆኑ» የሚል ቃል ማንም አላስገባም። ቅብጥብጧም በዚያ ሁሉ ሩጫ ውስጥ አላሰበችውም። እንደ ዛሬ አፍራ አታውቅም።

«ነይ» አለች በመጨረሻ። «አሁኑኑ ማኅበሩ ጋ እንሂድ። እኔ እነግራቸዋለሁ።»

«አትነግሪያቸውም» አለች ዝምታ፣ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። «እኔ ነኝ የምነግራቸው። አንቺ አጠገቤ ቁሚ።»

እንዳለችው ሆነ። ሊቀ መንበሩ ከመቀመጫቸው ብድግ እስኪሉ ድረስ ተናገረች፤ ስለ ልጇ፣ ስለ ፎርማኑ ሳቅ፣ እሷን ሳይጠይቁ ስለ እሷ ስለሚወስኑ ሰዎች ሁሉ። የመጨረሻውን ስትል ዓይኗን ወደ ቅብጥብጧ መለስ አደረገች። ቅብጥብጧ ቆማ ሰማች፤ ጣቶቿ የቱታዋን ቁልፍ ሲፈቱና ሲቆልፉ፣ አፏ ግን ተዘግቶ። ሊቀ መንበሩ ያን ቀን «ይታሰብበታል» አላሉም፤ ፎርማኑን ጠርተው ምደባውን አሰረዙ፤ አንቀጹም ለሚቀጥለው ድርድር እንዲመለስ በአጀንዳ ያዙ። ድርጅቱ ይቀበል አይቀበል ግን እስካሁን አልታወቀም።

ከቢሮው ወጥተው በወርክሾፑ ግቢ መሄድ ጀመሩ።

«ስንት ሴት አለ በዚህ ፋብሪካ?» አለች ቅብጥብጧ በድንገት።

«ከበያጅ ውጭ?»

«ሁሉም። መጋዘን፣ ጽዳት፣ ቀለም፣ ቢሮ። እነሱ ምን እንደሚፈልጉ የጠየቃቸው አለ?»

«አንቺ መቼም አልጠየቅሽም» አለች ዝምታ፤ ድምፅዋ አሁንም ሻካራ ነው። ትንሽ ሄዳ ቆመችና «እኔ እጠይቃለሁ፣ አንቺ ትሰሚያለሽ። ካቋረጥሻቸው ትቼሽ እመለሳለሁ» አለቻት።

«እሺ» አለች ቅብጥብጧ።

ከመጋዘኑ ጀመሩ።